በቀበሌ አዳራሽ የፍልስፍና ውይይት እንዴት ይመራል?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ (የሙግት ሕግጋትንና ሐሳብን የመመርመር ትምህርት) ይማራሉ፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ትምህርቱ ከግቢው አጥር ውጭ እምብዛም አይታይም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የተቋማቱ ተግባር ስላደረገው፣ የፍልስፍና መምህር ወይም ተማሪ ቀበሌ ወርዶ ቢያወያይ ከሥራው አልወጣም።

ከሁሉ በፊት ጥያቄውን ይምረጡ። «ፍትሕ ምንድን ነው?» ብለው ከጀመሩ ሰዉ በትሕትና አዳምጦ ይበተናል። በአንጻሩ የወል ግጦሹ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይከፋፈል ወይስ ለከብት ይቆይ የሚለውን ክርክር ቢያነሡ፣ ባለ ከብቱ አባወራ የቆየ ልማድን፣ ወጣቱ ችግሩን፣ ከብት የሌላት እማወራ ደግሞ እኩል ድርሻን መሠረት አድርገው መሟገታቸው አይቀርም። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል የጋራ ሀብት በተገቢነት ልክ (ለእያንዳንዱ እንደሚገባው) ይከፋፈል በሚለው ሰው ሁሉ እንደሚስማማ፣ ጠቡ የሚነሣው ተገቢነቱ በምን ይለካ ሲባል እንደሆነ አስተውሎ ነበር። የአወያዩ ዋና ሥራ ይህን መለኪያ ከእያንዳንዱ ንግግር ነቅሶ ማውጣትና ተናጋሪው በሌላ ጉዳይ፣ ለምሳሌ በመስኖ ውኃ ተራ ላይ፣ በዚያው መለኪያ ይጸና እንደሆነ መጠየቅ ነው። ግማሹ ጊዜ እዚህ ላይ ቢያልቅ አይቆጭም።

ሁለተኛው ነገር የንግግር ሥርዓት ነው። ማንም ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃራኒውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ ይድገም። ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ መቃወም ነውር ስለሚመስል ወጣቶችና ሴቶች ቀድመው ይናገሩ፤ ምክንያቱን ግን አስቀድመው ለሽማግሌዎቹ ያስረዱ፣ አለበለዚያ እንደ ንቀት ይቆጠርብዎታል።

ዋሸራና ጎንጅን በመሰሉ የጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች በሚታወቅ አገር ሰሙን ገልጦ ወርቁን መፈለግ ለብዙ አድማጭ አዲስ አይደለም፤ ይህም ለአወያዩ ትልቅ ስንቅ ነው። ይሁን እንጂ (ይህን ስል የሚቆጣኝ ሊቅ አይጠፋም) ጥሩ ቅኔ አዳራሹን ካስደነቀ በኋላ ሙግቱ ሳይመረመር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አድናቆቱን ተቀብለው፣ ባለ ቅኔው አቋሙንና ምክንያቱን በግልጽ ቃል እንዲደግም በአክብሮት ይጠይቁ።

የገበያ ቀንና የአጨዳ ወቅት አይመረጥም፤ ለቀበሌውም አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል።

በመጨረሻ ድምፅ አያሰጡ። ውሳኔው ሥልጣኑ ላላቸው ይቆይ፤ እርስዎ የተነሡትን ምክንያቶች፣ የተሸነፉትን ጨምሮ፣ ያለ ተናጋሪ ስም በቃለ ጉባኤ ጽፈው ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ይስጡ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው በንባብ ይሰማ፤ ኮሚቴው ከምክንያቶቹ የትኛውን እንደተቀበለ፣ የትኛውን ለምን እንደተወ ተወካዩ እንዲያስረዳ ይጋበዝ።