ቀሚስ ከማሰፋትሽ በፊት

ልብስ ስፌት ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎኛል። እጄን ያፍታታሁት በቀሚስ ነው፤ አሁንም አብዛኛው ሥራዬ ቀሚስ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን «ሴት ያስመስለኛል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ያህል ደጋግሜ የሰማሁት የለም። ጠያቂዋ ልጆች ወልዳ ያሳደገች፣ መሥሪያ ቤት የምታስተዳድር ሴት ልትሆን ትችላለች። መስታወት ፊት ስትቆም ግን ሴትነቷን ከሦስት ሜትር ጨርቅ ትጠብቃለች። ድሮ «ያምርብሻል» ብዬ ወደ መርፌዬ እመለስ ነበር። ዛሬ ሜትሬን ከማንሳቴ በፊት የማስደርጋት ነገር አለ፤ አንቺም ቤትሽ ሆነሽ ልታደርጊው ትችያለሽ።

«የሚያምርብኝ ይሄ ነው» የምትዪውን ቀሚስ ልበሺና ለመስታወቱ ጀርባሽን ስጪው። ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ከፍ ካለ መደርደሪያ ዕቃ እንደምታወርጂ ሁለቱንም እጆችሽን ወደ ላይ ዘርጊ። ጎንበስ ብለሽ የጫማ ክር እሰሪ። ደረጃ ካለ ፈጠን ብለሽ ውጪ። በመጨረሻም አየር እስከ ሆድሽ ድረስ ሳቢ። ቀሚሱ የት የት ላይ እንደያዘሽ፣ እጅሽም ሳታዢው የትኛውን ጠርዝ ለመጎተት እንደሄደ ልብ በዪ። ቀኑን ሙሉ ጠርዝ ስትጎትት የምትውል ሴት ግማሽ ሐሳቧ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ሰው ግን ዓይን አፋር ናት ይላታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ነገሬ ይሄ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብ ቀሚስ ፋሽን ሆኖ ነበር፤ የፓሪሱ ልብስ ነዳፊ የፖል ፕዋሬ ስም አብሮት ይነሳል። የለበሰችው ሴት አጭር አጭር እርምጃ እንጂ ሌላ አይሆንላትም። የሚያያት ሰው «እንዴት ረጋ ያለች ናት» ቢል አይፈረድበትም። እኛም እስከ ዛሬ የምናደርገው ይህንኑ ነው። አካሄዷን፣ አቀማመጧን፣ የሳቋን ልክ ጨርቁ ይወስንና ጠባይዋ ነው ተብሎ ይቆጠርላታል፤ ቆይታ እሷም ታምነዋለች። እኔ በወጣትነቴ ራሴን ዝምተኛ አድርጌ ነበር የማውቀው። ከት ብዬ መሳቅ እንደምችል ያወቅሁት ሰላሳ ሊሞላኝ ሲል ነው፤ ወገብ የሚያንቅ ቀሚስ መልበስ ባቆምኩ በሳምንቱ።

ጥሩነቱ፣ የሚይዝ ቀሚስ ይስተካከላል። ጠበብ ያለ ከወደድሽ ተዪው አልልሽም፤ ከኋላው ቅድ ወይም እርምጃሽን የሚከተል እጥፋት አሠሪበት። እጅሽን ስታነሺ ቀሚሱ ሁሉ ተከትሎ የሚነሳ ከሆነ ብዙዎች «ብብቱን አስፊልኝ» ይላሉ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የብብቱ ክብ ዝቅ ብሎ በተቆረጠ ቁጥር ክንድ ቀሚሱን ይዞት ይነሳል፤ ወደ ብብት ጠጋ ሲል ነው ክንድ የሚፈታው። ዚፑን ለመዝጋት ሰው መጥራት ካለብሽ ከጀርባ አንስታ በጎን፣ ከብብትሽ ሥር እንድታደርገው ለሰፊሽ ንገሪያት።

ኪስ ደግሞ ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሴቶች ኪስ እንደ ከረጢት ለብቻው ተሰፍቶ፣ በገመድ ወገብ ላይ ታስሮ፣ ከሰፊው ቀሚስ ሥር ይንጠለጠል ነበር። እጃቸውን በቀሚሱ ጎን ባለ ክፍተት ያስገባሉ። ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ቀሚሱ ሲቀጥን ያ ኪስ ቅርጹን ያበላሻል ተባለና ዕቃቸው በእጅ ወደሚያዝ ትንሽ ቦርሳ ተዛወረ። «ኪስ ዳሌ ያወፍራል» ስትባዪ ይህን አስታውሺ። ኪሱ ከወገብ ወደ ታች ከሰባት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ ይጀምር፣ እጅሽ እስከ አንጓው ይግባበት፣ የላይኛው ጫፉ ደግሞ በጥብጣብ ከወገቡ ስፌት ጋር ይያያዝ። ክብደቱን ወገብ ስለሚሸከመው ጨርቁ አይጎተትም። ዕድሜዋን ሁሉ ሱሪ ስትለብስ የኖረች ደንበኛ ለእህቷ ሠርግ ቀሚስ አሰፍታ «የሰው ልብስ የተዋስኩ መሰለኝ» አለችኝ። የሸሚዝ ኮሌታና ሁለት ጥልቅ ኪስ ጨመርኩበት። እጆቿን ከትታ ስትቆም ትከሻዋ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቀጥለሽ ወረቀት አንሺ። ስለ ሰውነትሽና ስለ አለባበስሽ ስትሰሚ ያደግሽውን ጻፊ፤ «ሴት ልጅ እንዲህ አትለብስም»፣ «በዚህ ዕድሜሽ ቀይ?» የመሳሰለውን። ከእያንዳንዱ አጠገብ የተናገረውን ሰው አስፍሪ። የእኔ ወረቀት ላይ «ትከሻሽ የወንድ ነው» የሚል አለ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ የተናገረችኝ ጎረቤታችን ናት። በዚያች አንድ ቃል ምክንያት ሃያ ዓመት ሙሉ ትከሻ የሚደብቅ እጅጌ ሰፍቼ ለብሻለሁ።

ዝርዝሩን ስትጨርሺ ሕግ የሚመስሉሽ ነገሮች ስንቴ እንደተገለበጡ አስቢ። ባለ ተረከዝ ጫማ የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸው እርካብ ላይ እንዲጸና ያደርጉት የነበረ የወንድ ጫማ ነው፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም በቀይ ተረከዙ ይታወቃል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1884፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ቀሚስ ለብሶና ፀጉሩ ረዝሞ ፎቶ ተነስቷል፤ በዚያ ዘመን ትንንሽ ወንዶች ልጆች ቀሚስ መልበሳቸው የተለመደ ነበር። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1800 የወጣ የፖሊስ ትእዛዝ ሱሪ መልበስ የፈለገች ሴት ፈቃድ እንድታወጣ ያስገድድ ነበር። ከተረሳ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም እንደማይሠራ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን አንዲት ደንበኛዬ ናት። በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። እኔ ሳልጠይቃት በዚያ በኩል ስፖንጅ ሰፍቼ ጠበቅኋት። ለብሳ አየችው፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ «ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። የፈለገችው ጠባሳዋን የማይሻክር ስፌትና ክንዷን የሚያስነሳ ብብት ብቻ ነበር። ስፖንጁን ፈታሁ። ለጡት ቅርጽ የሚሰፋውን እጥፋት ከዚያ ወገን አስቀርቼ ጨርቁን ዝርግ አደረግኩት፤ ከውስጥ ለስላሳ የጥጥ ገበር አለበስኩት። ለብሳው ስትወጣ ቀና ብላ ነበር የምትሄደው። ከዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ሕክምና ያለፈች ሌላ ሴት መጣች፤ እሷ ስፖንጁን ፈለገች፣ በደስታ ሰፋሁላት። ስለዚህ ምን እንዲታይ፣ ምን እንዲሸፈን እንደምትፈልጊ ለሰፊሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። ዝም ካልሽ እሷ ሴት ምን ትመስላለች ብላ የያዘችውን ነው የምትሰፋብሽ፤ እኔ ያደረግሁት ያንኑ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ቀጠን ያለ ወገብና ሰፊ ቀሚስ የምትወድ ሴት እንድታፍር አልፈልግም። ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 ወገቡን ያጠበበ፣ ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚፈጅ ቀሚስ ሲያሳይ፣ በጦርነቱ ዘመን በራሽን ጨርቅ ለኖሩት ለአንዳንዶቹ ሴቶች እፎይታ ሆነ፤ ሌሎቹ ደግሞ ተቃወሙት። ቀሚሱ አንድ ነው፣ የለበሱት ግን የየራሳቸውን ታሪክ ይዘው ነበር። የአንቺን ስትመርጪ «ማንም ባያየኝ ይህንን እለብሰው ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ አዎ ከሆነ ጥብቡም ዳንቴሉም ያንቺ ነው።

ለሴት ልጅሽ ስታሰፊ ደግሞ ከመስታወቱ በፊት አሩጫት። እኔ ጋ የሚመጡ ትንንሽ ልጆችን ዝለሉ፣ ተንበርከኩ እላቸዋለሁ፤ «ቆንጆ ሆንሽ» የምላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራውን ስታዢ ጨርቁ ቶሎ እንዳይቆረጥ ለምኚ። ጠርዙ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ በጎኖቹም ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይቅር፤ ሰውነትሽም ሐሳብሽም ይለወጣል። በማሽን ከመሰፋቱ በፊት በሰፋፊ የእጅ ስፌት ለጊዜው ተይዞ ይሰጥሽና ለአንድ ምሽት ወደ ቤት ውሰጂው። ዕቃ እጠቢበት፣ ወለል ላይ ተቀምጠሽ ከልጅ ጋር ተጫወቺበት፣ ስልክ እያወራሽ ወዲያ ወዲህ በዪበት። የያዘሽ ቦታ ላይ ሁሉ እስፒል ሰክተሽ በማግስቱ መልሰሽ አምጪው።