ላይብረሪ በጋራ ወይስ ለየብቻ? ለፓይተን ሠሪዎች

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በፓይተን የተሠሩ ሦስት ፕሮግራሞች አሉት እንበል፤ የእህል ርክክብ፣ የማዳበሪያ ስርጭትና የወር ሪፖርት። ስለ እያንዳንዱ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች ስለሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ይህን ጠይቁ፦ ሁለት ፕሮግራሞች የተለያየ ቨርዥን ቢይዙ መልሳቸው ይጋጫል? የሚጋጭ ከሆነ በጋራ፣ ካልሆነ ለየብቻ ይያዝ።

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚለውጠውን የቀን መቀየሪያ እንመልከት። ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበራት መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ በሌላው ዓመት ግን 11 ይሆናል። ይህን የሚስት አሮጌ ቅጂ ርክክቡ ውስጥ ቀርቶ የታረመው ሪፖርቱ ውስጥ ቢገባ፣ የአንዱ ገበሬ ደረሰኝ በሁለቱ ላይ የተለያየ ቀን ያሳያል። ሒሳብ ሲዘጋ ጠቡ ከዚህ ይነሳል። ስለዚህ መቀየሪያውን ፎልደር ለፎልደር አትገልብጡት፤ የራሱ ሪፖ (የኮድ ማስቀመጫ) እና የቨርዥን ቁጥር ያለው ፓኬጅ አድርጉት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና መስከረም 1 ቀን 2016 በቴስቱ (ኮዱን በሚፈትነው ኮድ) ውስጥ ይኑሩ።

በጋራ ሲባል ግን አንድ ቦታ ይጫን ማለት አይደለም። ለሦስቱም የየራሳቸውን ቬንቭ (ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የተለየ የፓይተን ማስቀመጫ) ክፈቱ፤ የጋራ የሆኑትን ቨርዥኖች በአንድ የኮንስትሬይንት ፋይል (የሚፈቀዱትን ቨርዥኖች በሚወስን ዝርዝር) ጻፉና የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕ ሲጭን በ«-ሲ» አማራጭ ስጡት። የቨርዥኑን ቁጥር በሁለት የእኩል ምልክት (==) ጽፋችሁ እንዳይለወጥ ወስኑት። ፒፕን ከቬንቭ ውጭ በሲስተሙ ፓይተን ላይ መጠቀም አይገባም፤ ደቢያን 12 የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ራሱ ይከለክላል፣ ክልከላውን ጥሶ መጫንም የኮምፒውተሩን የራሱን መሣሪያዎች ሊያበላሽ ይችላል።

የጋራው ፓኬጅ ትንሽ ይሁን። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ፒዲኤፍ ማውጫውም ኤክሴል ማንበቢያውም «ይጠቅማል» ተብሎ ይገባበታል። ያኔ ሦስቱም የማይፈልጉትን ዲፔንደንሲ (ፓኬጁ የሚደገፍበትን ሌላ ላይብረሪ) ይወርሳሉ፤ ለሪፖርቱ ተብሎ የተቀየረው ነገር ማዳበሪያ በሚታደልበት ሰሞን ስርጭቱን ያቆመዋል። እነዚህን ለሚጠቀምባቸው ፕሮግራም ብቻ ተዉለት።

ለየብቻ መያዝ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፈነው በየቦታው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የኦፕን ኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚመሰጥር ላይብረሪ) «ሃርትብሊድ» የተባለ የደኅንነት ችግር ሲወጣ፣ የሲስተሙን የጋራ ቅጂ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች በአንድ አፕዴትና ሪስታርት ተስተካከሉ፤ የራሳቸውን ቅጂ በውስጣቸው የያዙት ግን አንድ በአንድ እንደገና መገንባት ነበረባቸው። በእያንዳንዱ ቬንቭ የተጫኑትን ዝርዝር በ«ፒፕ ፍሪዝ» ትእዛዝ አውጥታችሁ ከኮዱ ጋር ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ውስጥ አስቀምጡ፤ ምን የት እንዳለ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ኢንተርኔት ለማይደርስበት ቅርንጫፍ፣ ደምበጫም ይሁን ቡሬ፣ ፓኬጆቹን ባሕር ዳር ላይ በ«ፒፕ ዳውንሎድ» ፍላሽ ላይ አውርዱ። ቅርንጫፉ ላይ ስትጭኑ ፒፕ ኢንተርኔቱን ትቶ ከፍላሹ እንዲወስድ «ኖ ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ ሊንክስ» የሚሉትን አማራጮች ስጡ። የሚወርድበትና የሚጫንበት ኮምፒውተር የፓይተን ቨርዥንና ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንድ ይሁን፤ ለፓይተን 3.12 ተገንብቶ የወረደ ፓኬጅ 3.10 ላይ ላይገባ ይችላል።