ጅማ ስትኖሩ ጉርብትናን ለመልመድ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሥራ ዝውውርም በዩኒቨርሲቲውም ምክንያት ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣባታል። አብዛኛው ሲመለስ ቡናና ማር ይጭናል። እኔ ግን ከዚህች ከተማ ሊወሰድ የሚገባው ትልቁ ነገር ጉርብትናዋ ነው እላለሁ። እንግዳ ለጅማ አዲስ ነገር አይደለም። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የሂርማታ ገበያ ከሰሜን ሳይቀር ነጋዴዎችን ይስብ ነበር። ሰውን ማስጠጋት የቆየ ልማዷ ነው። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አዲስ ገቢው ነው።

"አማርኛ ይበቃኛል" ማለት

ገበያውም ባጃጁም ባንክ ቤቱም በአማርኛ ያልቃል። ሰላምታ ግን ሌላ ነው። ጠዋት በር ላይ የምታገኟቸውን እናት በአፋን ኦሮሞ "አካም ቡልተኒ" (እንዴት አደሩ) በሏቸው፤ በዕድሜ እኩያችሁ ለሆነ ደግሞ "አካም ቡልቴ" ይበቃል። ብላችሁም እየሄዳችሁ አትጠይቁ፤ ቁሙ። ስለ አዳሩ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጤናው ተራ በተራ ይጠየቃል፤ መልሱም ይሰማል። አንድ ነገር ጨምሬ ልንገራችሁ። ለሴት ቀድማችሁ እጅ አትዘርጉ። ወንድ የማይጨብጡ ሙስሊም እናቶችና እህቶች አሉ። እሷ ከዘረጋች ጨብጡ፤ ካልዘረጋች እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ። ማንም አያፍርም።

አቦል ጠጥቶ መነሳት

ጎረቤት ቡና ሲያፈላ ልጅ ይላካል። ልጁ በር ላይ ቆሞ "ቡና ደርሷል፣ ኑ ተብላችኋል" ይላል። አዲስ የገባ ሰው እዚህ ላይ "ሥራ አለብኝ" እያለ ደጋግሞ ይቀራል። ልጁ ሦስት አራት ጊዜ ብቻውን ከተመለሰ መላኩ ይቆማል። ማንም አይወቅሳችሁም፣ ማንም አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው "የጅማ ሰው ተግባቢ ነው ሲሉኝ እኔ ግን አልገጠመኝም" የሚለው።

ሌላው ሄዶ አቦሉን ጨልጦ ይነሳል። አቦል ላይ ወሬው ገና አልሞቀም። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ ለቅሶ የት እንዳለ የሚሰማው ከቶና በኋላ ነው። ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ደግሞ በጉርብትና ቀላል ነገር አይደለም፤ ካልሰማችሁ ደግሞ አትደርሱም። በእውነት ከቸኮላችሁ ገና ስትገቡ ተናገሩ። "ቶናን ጠጥቼ እሄዳለሁ" ማለት ነውር የለውም። አዛውንት ካሉ ይመርቃሉ፤ ያኔ ስልኩ ይቀመጥ፣ እጅ ይዘርጋ፣ "አሚን" ይባል። ስኳር ለምዳችሁ ቡናው በጨው ቢቀርብላችሁም ሳትቀምሱ አትመልሱ።

ተጠርቶ አለመጥራት

"ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ረከቦት የለኝም" ሲባል እሰማለሁ። ጀበና፣ ጥቂት ሲኒና የከሰል ምድጃ ይበቃል። ቡናው እንደሆነ ደጃችሁ ላይ ነው። ማጠቡም መቁላቱም ሰው ፊት ይሁን፤ የተቆላውንም ለሁሉም ዞራችሁ አሽትቱ። ቁርሱ ቆሎ ቢሆን ማንም ቅር አይለውም። ማፍላት ካልቻላችሁ አልፎ አልፎ ስኳር ወይም ጥሬ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ለጠጣችሁት ቡና ብር ማውጣት ግን በፍጹም አይደረግም።

የበዓል ሳህን ላይ አለማሰብ

ይህ እኔ በጣም የምወደው የጅማ ልማድ ነው፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል። በረመዳን ወደ መግሪብ አካባቢ ሳንቡሳ፣ ቴምር ወይም ሾርባ በሳህን ተሸፍኖ ይመጣል። በፋሲካና በገና ደግሞ ከክርስቲያኑ ቤት ይሄዳል። የሚሳሳተው ሰው ያለውን ሁሉ ይልካል። ሥጋ ለየራሱ ነው፤ ዶሮ ወጡን ለሙስሊም ጎረቤት አትላኩ። ጠላና ጠጅም እንዲሁ። ድፎ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ያልፈላ ብርዝ ጥሩ ነው፤ ለብርዙ ማር አገሩ ሞልቷል። ሙስሊም ከሆናችሁም የክርስቲያን ጎረቤታችሁን ጾም እወቁ። ዐቢይ ጾም ላይ ቅቤ ያለበት ነገር ከላካችሁ ሳህኑን ይቀበላል፣ ምግቡን ግን አይበላውም። ሳህኑን ደግሞ ባዶውን አትመልሱ። በማግስቱም ይሁን በሳምንቱ፣ ሁለት ብርቱካንም ቢሆን ጣል አድርጉበት።

ሁሉንም ልማድ መውሰድ

ጫት አካባቢው ላይ አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። ግን ለመግባባት ብሎ መቃም የሚጀምር ተማሪ ያሳዝነኛል። የማይቅም የጅማ ልጅ ስንት ነው! "አልቅምም" ብላችሁ ቡናውን ይዛችሁ ተጨዋወቱ። ከተከፋባችሁ ችግሩ የልማዱ ሳይሆን የዚያ ሰው ነው።

 

ስትዛወሩ እዚያው መተው

"ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ አይሠራም" ይላሉ። ይሠራል። ዕቃችሁን ባወረዳችሁበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍሉና በፎቃችሁ ያሉትን በሮች አንኳኩ። ጭሱ ካስቸገረ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ ሦስቱንም አፍሉለት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደገና አንኳኩ።