ቬት ልትገቡ ላሰባችሁ፦ የብሩን ነገር ከወዲሁ

እንስሳት ሕክምና ለመማር አስባችኋል? ቢሾፍቱም ይድረሳችሁ ጎንደር ወይም ሐረማያ፣ ትምህርቱ ረጅም ነው። አብሯችሁ ግቢ የገባ ጓደኛ ተመርቆ ደመወዝ ሲቀበል እናንተ ገና ክሊኒክ ትመላለሳላችሁ። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ በግልጽ ተነጋገሩ፦ በወር ስንት መላክ ይችላሉ፣ በየትኛው ቀን፣ እስከ ስንተኛ ዓመት? ማፈር አያስፈልግም።

ግቢ ስትደርሱ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። ብዙ ልጅ የምዝገባው ሰልፍ አድክሞት ሳያነበው ይፈርማል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። በደንቡ መሠረት የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በስማችሁ ይያዛል፤ ሥራ ስትይዙ በየወሩ ከገቢያችሁ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ዓመቱ በረዘመ ቁጥር ዕዳውም አብሮ ያድጋል። የየዓመቱን ቅጽ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ በኋላ ሂሳብ አልገጥም ቢል መከራከሪያችሁ እሱ ነው።

ነን ካፌ ለመሆን፣ ማለትም የግቢውን ካፌ ትታችሁ የምግቡን በብር ለመቀበል ከመቸኮላችሁ በፊት፣ የሚሰጣችሁን የወር ብር ለ30 ቀን አካፍሉትና ግቢው በር ላይ ካለው የምግብ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ካልበቃ ካፌ ብሉ።

ከቤት የተላከውን ባንክ ተዉትና የሳምንቱን ብቻ ቴሌብር ላይ አድርጉ። የስልክ ብድር በደቂቃ ይገኛል፣ ግን የሚቀጥለውን ወር ብር ገና ሳይገባ በላችሁት ማለት ነው። ቤቲንግ? በፍጹም አትንኩት!

ዕቃን በተመለከተ ጋውን፣ ቦት ጫማ፣ ስቴቶስኮፕና ቴርሞሜትር ያስፈልጋችኋል። ሁሉንም አንደኛ ዓመት ላይ አትግዙ፣ ክሊኒክ እስክትጀምሩ ጊዜ አለ። ከተመራቂዎች ያገለገለ ጠይቁ፣ ሊሄዱ ሲሉ በርካሽ ይሰጣሉ። ስቴቶስኮፑን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ድምፁ ጥርት ብሎ መሰማቱን ለማወቅ ጫፉን በጣት መታ መታ አድርጉት፣ ቱቦውንም አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ቦቱን ደግሞ ውሃ ሞልታችሁ ደረቅ ወለል ላይ ትንሽ አቆዩት፤ የሚያፈስ ቦት ለብሶ የላም ጋጣ ውስጥ መዋል ከባድ ነው። አቅሙ ካላችሁ ከዶርም ልጆች ጋር ትንሽ ዕቁብ ጀምሩ፣ ብሩ ለዕቃ ብቻ እንደሚውል ግን ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ተስማሙ።