«ልጁ ተኝቷል፣ አትንኩት» አትበሉ

አምና የእህቴን ልጅ ለማስታመም ከቢቸና ወጥቼ ሆስፒታል ሰነበትኩ። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው። ኦክስጅን ተደርጎለት ስንት ቀን ሲያቃስት ቆይቶ እንቅልፍ ሲወስደው ጊዜ እናቱም እኔም ጠያቂውም «ተውት፣ እፎይ ይበል» ተባብለን ሌሊቱን ሙሉ በጀርባው እንደተኛ አደረ። ጠዋት ስናየው የኦክስጅኑ ቱቦ ያረፈበት ቦታ፣ ከጆሮው ኋላ፣ ቦይ ሠርቷል። የአልጋ ቁስል የሽማግሌ ብቻ ይመስለን ነበር።

አይደለም። አንድ ቦታ ተጭኖ ሲቆይ ደም አይደርሰውም፣ ቆዳው ይጎዳል። ሕፃን ደግሞ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ ቶሎ የሚቆስለው ከጭንቅላቱ በስተኋላ ነው። ልጅቷ ሹሩባ ከተሠራች ፍቱላት፤ ጉንጉኑ ይጫናል፣ ቁስልም ይደብቃል። የማተቡንም ቋጠሮ ወደ ፊት አዙሩት።

ሐኪሙ አታንቀሳቅሱት ካላለ በስተቀር በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፣ ቢተኛም። አትጎትቱት፣ ለሁለት አንሱት፤ አንሶላ ላይ መጎተት ቆዳ ይልጣል። ጋቢ አጥፋችሁ ከባቱ ሥር ብታደርጉ ተረከዙ ከፍራሹ ይነሳል።

ቱቦው፣ ፕላስተሩ፣ ጀሶው፣ ጣቱ ላይ የሚሰካው መለኪያ፣ ያረፉበትን ቦታ ሁሉ እዩ። ልጆች ላይ ብዙው ቁስል የሚመጣው ከነዚህ ነው። ራሳችሁ ግን እንዳትነቅሉ፤ «ሲስተር፣ ይቺን ቦታ ብታይልኝ» በሏት። አትፈሩ። እሷ ብዙ ልጅ አለባት፣ እናንተ አንድ ነው ያላችሁ።

ብዙው ምክር «የቀላ ቦታ ፈልጉ» ነው የሚለው፣ ጠይም ልጅ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከዙሪያው የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ካለ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፤ ከሞቀ፣ ከጠነከረ ወይም ስትነኩት ካለቀሰ የዚያኑ ጊዜ ተናገሩ።

ማሸት የለም። ቅቤም የለም (አያቶች ይቅርታ)። የተጎዳ ቦታ ሲታሽ ይብስበታል። የራሰ ጨርቅ ወዲያው ይቀየር። ምግብ ከተፈቀደለት ደግሞ እንቁላልና ወተት አትንፈጉት፣ ቆዳው የሚጠገነው በሚበላው ነው።

ሌሊት ሰዓቱ እንዳያመልጣችሁ የሞባይል ደወል ሙሉ። እኛ ከዚያች ጠዋት በኋላ ተራ ገባን፤ እናቱ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ እኔ።