ለሶፍትዌር ሥራ፦ ዲግሪ የሚቆጠረው የት ነው? ልምድስ እንዴት ይቆጠራል?

“ዲግሪ ይሻላል ወይስ ልምድ?” ብሎ ከመከራከር በፊት ቀጣሪው ማን እንደሆነ ማየት ይበጃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና አብዛኛው ባንክ መጀመሪያ የሚያየው ወረቀት ነው። ማስታወቂያው “በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተዛማጅ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ” ካለ፣ ማመልከቻ የሚያጣራው የሰው ኃይል ሠራተኛ ኮድዎን አይከፍትም፤ ዲግሪ ከሌለ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅቶችና በርቀት የሚያሠሩ የውጭ ቀጣሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ሥራ ሰጥተው ይፈትናሉ።

ስለዚህ በሚፈልጉት መደብ የወጡ 20 ማስታወቂያዎች ይሰብስቡ። ዲግሪው ግዴታ ነው ወይስ “ወይም ተመጣጣኝ ልምድ” ይላል? ስንት ዓመት ይጠይቃል? በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋና ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ)? ፈተናው የጽሑፍ ነው የተግባር? ይህን ለእያንዳንዱ ይመዝግቡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዲግሪ የግድ ካሉና እርስዎ ሦስተኛ ዓመት ላይ ከሆኑ፣ ለጥቂት ወራት ሥልጠና ብሎ ዩኒቨርሲቲ ማቋረጥ ትልቅ ስህተት ነው። ይጨርሱት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከመውጫ ፈተናው ቢያንስ 50 በመቶ ያላመጣ ተማሪ ዲግሪውን ስለማይወስድ፣ ለዝግጅቱም ጊዜ ይተዉ።

ልምድ የሌለው ተመራቂም ሆነ ዲግሪ የሌለው ባለሙያ የሚያሳየው ሥራ ያስፈልገዋል። አንድ ያለቀ ሥራ ከአሥር ጅምር ይበልጣል፤ ችግሩም እዚሁ ያለ ቢሆን ይመረጣል። የክሊኒክ ካርድ ክፍልን እንውሰድ። ታካሚዋ አምና “ፀሐይ ኃይሉ” ተብላ ተመዝግባለች። ዘንድሮ ካርድ አውጪው “ጸሀይ ሀይሉ” ብሎ ሲፈልጋት ኮምፒውተሩ የለችም ይላል፤ አዲስ ካርድ ይወጣላታል፣ የቀድሞ ሕክምናዋም ተረስቶ ይቀራል። መፍትሔው ስሙን እንደተጻፈ በአንድ ዓምድ ማስቀመጥ፣ በሌላ ዓምድ ደግሞ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሁሉንም ከነዝርያቸው፣ የለወጠ የመፈለጊያ ቅጂ መያዝ ነው። ሃ እና ዓ እንደ ሀ እና አ ስለሚነበቡ እነሱንም አይርሱ። ተጠቃሚው የሚጽፈው ቃልም ከመፈለጉ በፊት በዚያው መንገድ ያልፋል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ዋናውን ስም ራሱን ሲለውጡት ነው፤ ያኔ ስሙ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም።

ትምህርት የሚያስፈልገውም እዚሁ ላይ ነው። ፕሮግራሙ በ50 ስም ሲሞከር ይፈጥናል፤ 200,000 ስም ሲገባበት ይጎትታል። ፍለጋው “ከፊቱ ምንም ይኑር” የሚለውን የመቶኛ ምልክት (%) ከቃሉ ፊት አስቀድሞ ከሆነ፣ ዳታቤዙ የተለመደውን ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ፍለጋን የሚያፋጥነውን ዝርዝር) ሊጠቀም ስለማይችል እያንዳንዱን መዝገብ ያነባል። ይህን ከልምድ ብቻ ለማወቅ ሲስተሙ እስኪወድቅ መጠበቅ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዳታቤዝ በደንብ የተማረ ሰው ግን አስቀድሞ ያየዋል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው ቢያንስ ዳታ ስትራክቸር (የመረጃ አደረጃጀት)፣ ዳታቤዝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ኔትወርክን በሥርዓት ያጥና።

ሥራውን ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበትና ለሌሎች የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ ሲያስቀምጡ በአንድ ቀን ጠቅልለው አይጫኑት፤ በየደረጃው ኮሚት ያድርጉ፣ ማለትም እያንዳንዱን ለውጥ ከአጭር ማብራሪያ ጋር ይመዝግቡ። በሪድሚው (ሥራውን በሚያስተዋውቀው የማብራሪያ ፋይል) ላይ የሚፈታውን ችግር፣ የማስነሻ ትእዛዞቹንና ገና ያልሠራውን ይጻፉ። አንዱ ስም በሁለት አጻጻፍ የተጻፈባቸውን 30 ጥንዶች የያዘ፣ ፍለጋውን የሚፈትሽ ፈተና ያክሉበት። የታካሚዎችን እውነተኛ ስም ፈጽሞ እንዳያስገቡ።

ብዙ ጎበዝ ሠራተኞች የሚጎዱት በሥራ ልምድ ደብዳቤያቸው ነው። “በድርጅታችን ሠርቷል” የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ደብዳቤው የመደቡን ስም፣ የተጀመረበትንና የተጠናቀቀበትን ቀን፣ ዝርዝር ተግባሩን፣ ደመወዙን፣ የሥራ ግብር መከፈሉን፣ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም ይያዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፦ መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ደብዳቤው 2014፣ ሲቪው 2021 ብሎ ምንም ማብራሪያ ከሌለ የውጭ ቀጣሪ የሰባት ዓመት ቅራኔ ያያል።

ውጭ አገር ለመሥራት የሚያስብ ሰው በዝርዝሩ ላይ የበለጠ ይጠንቀቅ። ለአሜሪካው ኤች-ዋን-ቢ ቪዛ (ለውጭ አገር ባለሙያዎች የሚሰጥ የሥራ ቪዛ) የጎደለ አንድ የኮሌጅ ዓመት በሦስት ዓመት ሙያዊ ልምድ ሊተካ ይችላል፤ ዲግሪ ጨርሶ ለሌለው 12 ዓመት ማለት ነው። ጀርመን ከኖቬምበር 2023 ወዲህ ለአይቲ ባለሙያዎች ብሉ ካርድን (ለውጭ አገር ባለሙያዎች የሚሰጥ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ) ያለ ዲግሪም ትፈቅዳለች፤ የሚጠየቀው ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚመዘን ልምድ፣ የሥራ ውልና የተወሰነው የደመወዝ መጠን ነው። ደብዳቤው “አይቲ ሠራተኛ” ብቻ ካለ ያ ደረጃ አይታይም፤ ምን ዓይነት ሲስተም እንደነደፉ፣ በምን ቋንቋ እንደሠሩና ምን ኃላፊነት እንደነበረብዎ ይጻፍ። ደብዳቤውን ሥራ ላይ እያሉ በየዓመቱ ይጠይቁ፤ ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ማኅተም የሚያሳርፍ ሰው ማግኘት በጣም ይከብዳል።