አዲስ ኮንክሪት ከአሮጌው እንዳይላቀቅ ምን ይደረግ?

አሮጌ ኮንክሪት ላይ አዲስ ደፍቶ መሄድ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ አዲሱ ከስሩ ይለቅና ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ያኔ ሁሉም ሲሚንቶውን ወይም ማጣበቂያውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ መሃል ላይ የቀረው አቧራ ነው።

መጀመሪያ በመዶሻ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የለቀቀው ደግሞ እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል። እሱን በጠመኔ ክበቡትና ደህናው እስኪገኝ ፈልፍላችሁ አንሱት። ዳሩን በዲስክ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ እየሳሳ የሚያልቅ ጠርዝ ቶሎ ይፈረፈራል። የዛገ ፌሮ ከወጣ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፣ ከስሩም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፈቱለት፣ አዲሱ ኮንክሪት ዙሪያውን እንዲይዘው።

ዘይት ወይም ቅባት ካለ ከመፈልፈላችሁ በፊት በቅባት ማስለቀቂያ እጠቡት። ጥርጣሬ ካላችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ካልሰረገና እንደ ቆመ ከቀረ ገና አልጸዳም ማለት ነው። ቀለምም ካለ ይነሳ።

አሁን ዋናው ሥራ። ኮንክሪት ሲደፋ ውሃና ደቃቁ ሲሚንቶ ወደ ላይ ይወጣና ስስ ቆዳ ሠርቶ ይደርቃል። በሚስማር ብትጭሩት ዱቄት ይሆናል። አዲሱ እዚህ ቆዳ ላይ ከያዘ ከቆዳው ጋር ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ በመሮና መዶሻ ወይም በትንሽ መፈልፈያ ማሽን ጠጠሩ ራሱ እስኪታይ አንሱት፣ ወጣ ገባው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ትልቁን ጃክሃመር ግን ተዉት። ከላይ ያሻክረዋል፣ ከስር ደግሞ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይተዋል። ብናኙ ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ይጎዳል፤ ማስክና መነጽር የግድ ነው።

ጠርጋችሁ በግፊት ውሃ እጠቡት። እጃችሁን ስታሳርፉበት ነጭ ካወጣ እንደገና እጠቡ፣ አትስነፉ።

ከመድፋታችሁ አንድ ቀን በፊት አርጥባችሁ አሳድሩት። ደረቅ ኮንክሪት የአዲሱን ውሃ ይመጥበታል፣ የተኛ ውሃ ደግሞ ሲሚንቶውን አቅጥኖ መገናኛውን ያደክመዋል። የምትፈልጉት ጠቆር ብሎ የማያብረቀርቅ ገጽ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን ውሃ በስፖንጅ አውጡ።

ወፈር ያለ የሲሚንቶ ቦያካ (በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ) በጠንካራ ብሩሽ እያሻችሁ አስገቡ፣ ግን ሳይደርቅ ኮንክሪት የምትደፉበትን ቦታ ያህል ብቻ። ከደረቀ ጭራሽ ማላቀቂያ ነው የሚሆነው፣ ተፍቆ መነሳት አለበት። የፋብሪካ ማጣበቂያ ከመረጣችሁም ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አክብሩ። ሁሌ እርጥብ በሚሆን ቦታ ተራውን ነጭ ኮላ አትጠቀሙ፣ ውሃ ያላላዋል።

ከደፋችሁ በኋላ በደንብ ጠቅጥቁት፣ ላስቲክ አልብሱትና ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ አቆዩት። ስስ ሙሌት ቶሎ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መላቀቅ የሚጀምረውም ከጥጉ ነው።